ከቆዳ ሥር ያለ መሣሪያ በድምፅ ይሠራል?

አጎቴ ቢቸና አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ልባቸው እየዘገየ፣ አንዳንዴም ራሳቸውን እያሳታቸው ሲያስቸግር አዲስ አበባ ሄደው ፔስሜከር ተተከለላቸው። ፔስሜከር የልብ ምት ሲዘገይ በቀጭን ሽቦ በኩል ትንሽ የኤሌክትሪክ ግፊት እየላከ ልብን የሚቀሰቅስ መሣሪያ ነው። ባለፈው ፋሲካ እንኳን አደረስዎ ልል ስሄድ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጣቴን ያዙና ከግራ ትከሻቸው ዝቅ ብሎ ደረታቸው ላይ አሳረፉት። ከቆዳው ሥር ጠርዙ የተድቦለቦለ ጠንካራ ነገር አለ፤ ገፋ ሲያደርጉት ትንሽ ይንሸራተታል።

«ባትሪው ከዓመታት በኋላ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ቆዳው ተከፍቶ ይቀየራል ብለውኛል» አሉኝ። ቀና ብለው ጣሪያው ላይ ያለችውን የሶላር ሰሌዳ በአገጫቸው እያመለከቱ ቀጠሉ፦ «ስልኩ በፀሐይ ይሞላል፤ መብራቱ በፀሐይ ይሞላል። ይህቺ ብቻ በምን ኃጢአቷ በቢላ ትሞላለች?»

ቡና ሊጠጡ የመጡ ጎረቤታቸው ደግሞ ሌላ ነገር ጣል አደረጉ። ፈረንጆቹ በመርፌ የምትወጋ፣ ባትሪ የሌላት፣ በዓይን የማትታይ ነገር ሠርተዋል፤ ሰውን ከሩቅ ሆነው ሊነዱበት ነው ሲባል ሰምተዋል። አንድ ወሬ ግማሹ እውነት ሲሆን ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለማስተባበል ያስቸግራል። የዚያን ዕለት ከአቦል እስከ በረካ የተነጋገርነውን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባትሪው ለምን ከውጭ አይሞላም?

የአጎቴ ሐሳብ ከመጀመሪያው ፔስሜከር ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሰውነት ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተቀበረው የመጀመሪያው ፔስሜከር በ1958 ጥቅምት 8 ቀን ስቶክሆልም ውስጥ አርኔ ላርሶን ለተባለ ሕመምተኛ ተተከለ። የተከለው ሐኪሙ ኦኬ ሴኒንግ፣ የሠራው መሐንዲሱ ሩኔ ኤልምክቪስት ነው። ኤልምክቪስት ትራንዚስተሮቹንና ባትሪውን ፈሳሽ ፕላስቲክ አፍስሶ ሲያደርቃቸው እንደ ቅርጽ ማውጫ የተጠቀመው የኪዊ ጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበር፤ ሊስትሮዎቻችን የሚያውቁት ያው ኪዊ። ያቺ መሣሪያ ባትሪዋ ከውጭ፣ በቆዳ ላይ በሚደረግ ጥቅልል ሽቦ አማካይነት እንዲሞላ ሆና የተሠራች ነበረች። ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ሠርታ ቆመች፤ ሌላ ተተካ። ላርሶን በሕይወት ዘመኑ ከ20 በላይ መሣሪያ ተቀይሮለት በ2001 በ86 ዓመቱ አረፈ።

የሚሞላው ዓይነት ኋላ ላይ ተተወ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሊቲየም ባትሪ መጣ፤ አንዴ ከተተከለ ብዙ ዓመት ይሠራል፤ በዛሬዎቹ እንደ አጠቃቀሙ ከ5 እስከ 15 ዓመት ድረስ። ሕመምተኛው ቻርጅ ማድረግ ቢረሳስ የሚለው ጭንቀት ቀረ። ዋጋው ግን አልቀረም፦ ባትሪው የሳጥኑን ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ሳጥኑም ፈሳሽ እንዳይገባው ተበይዶ የታሸገ ስለሆነ ባትሪው ብቻ ተነጥሎ አይወጣም። ሲደክም ሳጥኑ በሙሉ ይቀየራል።

ለደረት ይህ ያስኬዳል፤ ከቆዳው ሥር ቦታ አለ። አሁን ግን ሐኪሞች መሣሪያ ማስቀመጥ የሚፈልጉት ሌላ ቦታ ነው፦ እግርን የሚያዝዘው ነርቭ ላይ፣ የሽንት ፊኛ አጠገብ፣ አንጎል ውስጥ፣ የልብ ግድግዳ ላይ። እዚያ ሳጥን አይቀበርም። ጤፍ የምታክል ነገር ነው የሚያስፈልገው። ጤፍ የሚያክል ባትሪ ደግሞ ቢሠራ እንኳ የሚይዘው ኃይል ለዓመታት አይበቃም። ስለዚህ ወይ ኃይሉን ከውጭ መላክ ነው፤ ወይ መተው ነው።

የሬዲዮ ሞገድ እያለ ድምፅ ለምን አስፈለገ?

ስልክ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርገው ሰሌዳ በዚያው በጥቅልል ሽቦ ዘዴ ይሠራል። መስማት ለተሳናቸው ሰዎች የሚተከለው የጆሮ መሣሪያም ኃይሉን የሚያገኘው እንዲሁ ነው። ሁለቱም ላይ ግን ተቀባዩ ሽቦ ሰፋ ያለ ነው፤ ርቀቱም ከቆዳ ውፍረት ብዙ አይዘልም። ተቀባዩ ጤፍ ሲያክል፣ ያውም ከሥጋው ውስጥ አምስትና አሥር ሴንቲ ሜትር ሲጠልቅ ነገሩ ይበላሻል።

ምክንያቱ የሞገዱ ርዝመት ነው። ጣና ላይ በታንኳ የሄደ ሰው ይህን በመቀመጫው ያውቀዋል። ረጅምና ዝግ ያለ ማዕበል ሲመጣ ታንኳው በሙሉ አብሮት ከፍ ይልና አብሮት ዝቅ ይላል፤ ቅጠልማ ቢሆን መኖሩንም አያውቅ። ታንኳውን የሚንጠው ርዝመቱ ከራሱ ከታንኳው ጋር የሚቀራረብ ማዕበል ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። ኃይል ተቀባይም እንደዚያው ነው፤ ከሞገዱ ኃይል መቅዳት የሚችለው ቁመቱ ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን ነው።

በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ የሬዲዮ ሞገድ፣ ማለትም ስልካችን ከሚጠቀመው ጋር የሚቀራረበው፣ ሥጋ ውስጥ ርዝመቱ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ለጤፍ ይህ ውቅያኖስ ነው። ርግብግብታውን ጨምሮ ሞገዱን ማሳጠር ይቻላል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ በውኃ የተሞላው ሥጋችን ይውጠውና ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ድምፅ ግን ሥጋ ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ፣ በሰከንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲርገበገብ የሞገዱ ርዝመት 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ ከጤፍ ጋር ይመጣጠናል። ደግሞም ሥጋ ድምፅን ብዙም አይውጠውም፤ 5 ሴንቲ ሜትር አልፎ እንኳ ከጉልበቱ ሲሶው እስከ ግማሹ ይተርፋል።

በነገራችን ላይ ይህ ድምፅ አይሰማም። የሰው ጆሮ የሚይዘው በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አልትራሳውንድ ይባላል። በየደብሩ ጣሪያ ሥር የሚያድረው የሌሊት ወፍ በጨለማ ሳይጋጭ የሚበረው በዚሁ ድምፅ እየጮኸ፣ የገደል ማሚቶውን እየሰማ ነው።

ድምፅ እንዴት ኤሌክትሪክ ይሆናል?

ድምፅ ግፊት ነው። ማሕሌት ሲቆም ከቅጥሩ ውጭ የቆመ ሰው ከበሮው ሲመታ በጆሮው ብቻ ሳይሆን በደረቱ ይሰማዋል፤ ከበሮውና ደረቱ ሳይነካኩ ጉልበት ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሯል። ቀሪው ጥያቄ ያንን ግፊት ወደ ኤሌክትሪክ የሚመነዝረው ምንድን ነው የሚለው ነው።

ይህን ደብረ ማርቆስ ያደገ ልጅ ሁሉ በእጁ ይዞት ያውቃል። ድንጋይ የሌላት፣ በአውራ ጣት ሲጫኗት ጠቅ ብላ የምትቀጣጠል ላይተር አለች። ጋዟ ሲያልቅ እንሰብራትና ከውስጧ የጣት አንጓ የማታክል፣ ጫፏ ላይ አጭር ሽቦ ያላት ጥቁር ዕቃ እናወጣ ነበር። ከዚያ ከፊታችን ወንበር የተቀመጠው ልጅ ጆሮ ጋ አስጠግቶ ጠቅ ማድረግ ነው። ልጁ ይዘላል፣ አስተማሪው ይዞራል፣ ዕቃዋ ኪስ ትገባለች። ባትሪ የላትም። በውስጧ ያለች ትንሽ መዶሻ፣ ልዩ ጠባይ ያላትን ሸክላ መሰል ቁራጭ ትመታለች፤ ቁራጯ ስትጨመቅ ለቅጽበት በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ታወጣለች። የልጁን ጆሮ የሚቆነጥጠው እሱ ነው።

ይህ ጠባይ ፒየዞኤሌክትሪክ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክ «መጫን» ከሚለው የመጣ ነው። በ1880 ያገኙት ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክ እና ፒየር ኩሪ ናቸው። ኳርትዝን በመሳሰሉ አንዳንድ ማዕድኖች ውስጥ አዎንታዊውና አሉታዊው ኤሌክትሪክ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ማዕድኑ ሲጨመቅ ሚዛኑ ይዛነፍና አንዱ ወደ አንድ ፊት፣ ሌላው ወደ ሌላው ፊት ይሸሻል። ሁለቱን ፊቶች በሽቦ ያገናኘ ሰው ኤሌክትሪክ አገኘ ማለት ነው። የተገላቢጦሹም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ማዕድኑ ይርገበገባል። የእጅ ሰዓታችሁ ላይ «ኳርትዝ» የሚል ካለ በውስጡ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የምትርገበገብ ቁራጭ አለች።

አሁን ሁለቱን ግጠሙ። ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም ነፍሰ ጡር ሴት ስትመረመር ሆዷ ላይ የሚንሸራተተው የአልትራሳውንድ እጀታ ጫፉ ላይ ያለው ይኸው ዓይነት ቁራጭ ነው፤ በኤሌክትሪክ ይርገበገባል፣ ድምፅ ይልካል። ከሥጋው ውስጥ ሌላ፣ በጣም ትንሽ ቁራጭ ቢቀበር ደግሞ ያንን ድምፅ ይቀበላል፤ በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፣ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ላይተሯ በአንድ ጠቅታ የምትሠራውን በሚሊዮን ረጋ ያሉ ጠቅታዎች መሥራት ነው። ከጎኑ ያለች ቺፕ ወዲህ ወዲያ የሚለውን ኤሌክትሪክ ባንድ አቅጣጫ አስተካክላ ሥራ ላይ ታውለዋለች።

የሚገኘው ኃይል ጥቂት ነው፤ የሚፈለገውም ጥቂት ነው። ፔስሜከር ለመሥራት የሚያስፈልገው አሥር ማይክሮ ዋት ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮ ዋት የዋት ሚሊዮንኛ ነው። አምስት ዋት የሚሰጥ የስልክ ቻርጀር ለአምስት መቶ ሺህ ፔስሜከሮች ይበቃል ማለት ነው።

የቀበሩት ነገር መልስ የሚሰጠው በምን አፉ ነው?

ከጠቅላላው ዘዴ ይበልጥ የወደድኩት ይህንን ነው። ያቺ ጤፍ ድምፅ ለማሰማት አቅም የላትም። ታዲያ የለካችውን ሙቀት ወይም ከነርቩ የሰማችውን እንዴት ታስተላልፍ?

ከደጀን ወርዶ ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ የቆመ እረኛ አስቡ። ይጮኻል፤ ከማዶው ገደል ድምፁ ይመለስለታል። ማዶ ላይ ሌላ ሰው አለ እንበል፤ ጉሮሮው ስለተዘጋ መጮኽ አይችልም፤ ነገር ግን ገደሉን የሚሸፍን ሰፊ በርኖስ አለው። በርኖሱን ሲዘረጋ የገደል ማሚቶው ይደበዝዛል፤ ሲሰበስብ ይጠራል። እረኛው መጮኹን ሳያቋርጥ የሚመለሰውን ድምፅ ድምቀትና ድብዘት ብቻ እያዳመጠ የማዶውን ሰው መልእክት ያነባል።

የተቀበረችው መሣሪያም የምታደርገው ይህን ነው። ቁራጯ ላይ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ጠበቅ ላላ በማድረግ ድምፁን የምታንጸባርቅበትን መጠን ትለዋውጣለች። ጩኸቱም ጉልበቱም የውጪው መሣሪያ ነው።

ሰው ላይ ተሞክሯል?

በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሚሸል ማሃርቢዝ፣ ሆሴ ካርሜናና ባልደረቦቻቸው ሐሳቡን «የነርቭ አቧራ» ብለው በ2013 አቀረቡት። በ2016 ርዝመቷ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች መሣሪያ አይጥ ነርቭና ጡንቻ ላይ አስቀምጠው ምልክቱን በአልትራሳውንድ አነበቡ። በ2020 ደግሞ ነርቭን መቀስቀስ የምትችል፣ ይዘቷ 1.7 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የሆነች አሳዩ፤ ስድስት ሰባት ፍሬ ጤፍ ቢጠጋጋ እሷን ያክላል። በ2021 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ኬን ሼፓርድ ቡድን ከ0.1 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያነሰች፣ የሰውነት ሙቀት የምትለካ ቺፕ በመርፌ አይጥ ውስጥ አስገባ። ይህቺ ከአንዲት ፍሬ ጤፍ ታንሳለች፤ ጎረቤታችን የሰሙት ወሬ እውነት የሆነው ግማሹ እዚህ ላይ ነው።

እነዚህ ሁሉ የቤተ ሙከራ ሥራዎች ናቸው። ሐኪም ቤት የደረሰው ግን ሌላ ነው፤ እሱም ልብ ላይ ነው።

የልብ ሁለት የታችኛ ክፍሎች ባንድነት መጨመቅ አለባቸው። ቃሬዛ የተሸከሙ ሰዎች እርምጃቸው ካልገጠመ በሽተኛውም ተሸካሚውም እንደሚንገላቱ፣ ሁለቱ ክፍሎች ካልተናበቡ ልብ ይደክማል። የተለመደው መፍትሔ ሁለቱንም የሚያናብብ ፔስሜከር መትከል ነው። ቀኙን ሽቦ ማድረስ ቀላል ነው፤ ለግራው ግን ሽቦው ከልብ በስተውጭ ባለ ጠባብ የደም ሥር ተጠማዝዞ መግባት አለበት። አንዳንድ ሰው ላይ ያ የደም ሥር አይመችም፤ ሌላው ላይ ሽቦው ከገባ በኋላ ይንሸራተታል ወይም ይበላሻል። ሽቦውን በግራው ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ደግሞ ደም ሊያረጋ፣ የረጋውም ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ኢቢአር ሲስተምስ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ ሽቦውን አስቀረው። የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ባትሪ የሌላት መሣሪያ በግራው የልብ ክፍል ግድግዳ ላይ ትሰካለች። ድምፅ የሚልከው ክፍል በጎድን አጥንቶች መካከል ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ባትሪው ደግሞ በግራ ጎን በኩል። በቀኝ በኩል ያለው የተለመደ ፔስሜከር ግፊቱን ሲሰጥ ላኪው ያንን ይሰማና ወዲያው ድምፅ ይለቃል፤ ድምፁ ከሺህ አንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሩዟ ጋ ይደርሳል፤ ሩዟ ወደ ኤሌክትሪክ መንዝራ ግራውን ትቀሰቅሳለች። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2025 ሚያዝያ ወር ፈቃድ ሰጥቶታል። የተፈቀደው ግን የተለመደው ሽቦ ላልሆነላቸው ወይም ለማይሆንላቸው ሕመምተኞች ነው፤ ለሁሉም አይደለም።

አይጎዳም?

ብዙ ከተጨመረ ይጎዳል። ኃይለኛ አልትራሳውንድ ሥጋን ያሞቃል፤ ሐኪሞች ሆን ብለው ዕጢ ለማቃጠል የሚጠቀሙበት ዓይነትም አለ። ስለዚህ ለምርመራ የሚውለው ጣሪያ ተቆርጦለታል፤ በአሜሪካ ሕግ በካሬ ሴንቲ ሜትር 720 ሚሊ ዋት ነው፤ አንድ ሚሊ ዋት አንድ ሺህ ማይክሮ ዋት ነው። ይህ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ሲሰላ 7.2 ሚሊ ዋት ይሆናል፤ ፔስሜከር ከሚፈልገው ሰባት መቶ እጥፍ። መንገድ ላይና በምንዛሪው አብዛኛው ቢባክን እንኳ የሚተርፈው ይበቃል። ለሬዲዮ ሞገድ የሚፈቀደው ከዚህ በብዙ ያንሳል፤ ተመራማሪዎቹ ድምፅን የመረጡበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ሰው ሳያውቅ ከሩቅ ሊነዱት ይችላሉ?

ጎረቤታችንን ያሳረፋቸው መልስ ከአዋላጅ ነርሷ ቅባት የመጣ ነው። አልትራሳውንድ የተነሳች እናት ሁሉ ያቺን ቀዝቃዛ፣ የምታዳልጥ ጄል ታስታውሳለች። ጄሏ እጀታው እንዲንሸራተት ብቻ አይደለም የምትቀባው። በእጀታውና በቆዳው መካከል የወረቀት ያህል የሳሳ አየር እንኳ ከቀረ ድምፁ አያልፍም። አየርና ሥጋ በሚገናኙበት ቦታ ከ99 በመቶ በላይ የሆነው የድምፅ ጉልበት ወደ መጣበት ይመለሳል። ጄሏ ያንን አየር ታስወጣለች።

ስለዚህ ከማማ ላይ፣ ከድሮን ላይ፣ ከጎረቤት ቤት ሆኖ በአልትራሳውንድ የሰው ሥጋ ውስጥ ላለች መሣሪያ ኃይል መላክ አይቻልም። ላኪው ቆዳ ላይ ተለጥፎ፣ ጄል ተቀብቶ፣ ያውም በትክክል ተነጣጥሮ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያም እንደ ልቡ መሣሪያ ራሱ ከቆዳ ሥር መሆን አለበት። ኃይሉ ሲቋረጥ ባትሪ የሌላት መሣሪያ ድንጋይ ናት። «እንግዲያው ሊነዳኝ የሚፈልግ መጀመሪያ ልብሴን አስወልቆ ቅባት ይቀባኝ» ብለው ሳቁ ጎረቤታችን።

ያው አየር ለመሐንዲሶቹም ጠላታቸው ነው። ሳንባ አየር ነው፤ አንጀትም ጋዝ አለበት፤ ከእነሱ በስተጀርባ ያለ ነገር ላይ ድምፅ ማድረስ ይከብዳል። አጥንትም ድምፁን ይመልሳል፣ ይውጣል፤ የልቡ መሣሪያ በጎድን አጥንቶች መካከል ያለውን ክፍተት እየፈለገ የሚገባው ለዚህ ነው፤ የራስ ቅልም አንጎልን ያስቸገረው ለዚሁ ነው። ሰው ሲተነፍስ፣ ሲገላበጥ ጤፏ ቦታዋን ትለቃለች፤ ድምፁ እየተከተለ ማነጣጠር አለበት። ደግሞ ሰውነታችን ጨዋማ ውኃ ነው፤ ለዓመታት ውኃ የማያስገባ፣ ግን ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ልባስ መሥራት ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።

ታዲያ ባትሪው ቀረ?

አጎቴ ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ሩዟ ባትሪ የላትም፤ ጥሩ። ድምፁን የሚልከው ሳጥንስ?» አሉኝ።

«እሱማ አለው።»

«ሲደክምስ?»

«ቆዳው ተከፍቶ ይቀየራል። ግን ጋሼ፣ ከቆዳ ሥር ብቻ ነው፤ ልብ ውስጥ ያለችውን ማንም አይነካትም።»

ትንሽ አሰቡ። «የኔም ከቆዳ ሥር ብቻ ነው» አሉ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ። እውነታቸውን ነው፤ ለእሳቸው ዓይነት ልብ አሁን ያላቸው ሳጥን ይበቃል። ባትሪን ከሰውነት ጨርሶ ማውጣት የሚቻለው ላኪው ከውጭ ሆኖ እንደ ፕላስተር ቆዳ ላይ ሲለጠፍ ነው፤ ያ ደግሞ ነርቭን በቀን ለጥቂት ደቂቃ ለመቀስቀስ እንጂ ያለማቋረጥ ለሚመታ ልብ አይታመንም። ፕላስተሩ በእንቅልፍ ልብ ቢላቀቅ ማን ይነሣል?

በረካው ቀረበ። የልጅ ልጃቸው የምድጃውን ከሰል ሊያቀጣጥል ላይተር ፈልጎ ከኪሴ ወሰደ። ጠቅ፣ ጠቅ። በሦስተኛው ያዘች።